የካሴ ቤት በማን ክንድ ተለካ

ማክሰኞ፣ ግንቦት ፲፩ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ለወንድም ጋሼ ያየህ መንግሥቴ፤
አስመራ።

ይህን ደብዳቤ አባባ ሳያውቅ ነው የምጽፍልህ። እስከ ዛሬ የደረሰህን ሁሉ እሱ እየነገረኝ ነበር የጻፍሁት። የራሴን ቃል ስጽፍልህ ይህ መጀመሪያዬ ነውና ቢደነቃቀፍብኝ አትሳቅብኝ።

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ከመሰላል ወድቀህ የተጎዳው ትከሻህ ዳነልህ ወይስ ብርድ ሲሆን አሁንም ይጠዘጥዝሃል? ባለቤትህ ደብረወርቅ እንዴት ናት? ሕፃኑስ ድክ ድክ አለ ወይ? ቀንም ሌትም አንተን እያልን ነው የምንውለው የምናድረው። እኛ ቁሐር ሚካኤል ይመስገን በአካል ደኅና ነን። ቦራ ላማችን ወንድ ጥጃ ወልዳለች፤ ወተቷም በርከት ያለ ነው። ርብ ወንዝ ገና አልሞላም፤ ሜዳው ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል። በአካል ደኅና ነን ያልሁህ በልባችን ስላልሆንን ነው። ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

ነጋዴውን ካሴን ታውቀዋለህ፤ ወረታ ገበያ ላይ ጨውና አቡጀዴ የሚሸጠውን። በጥር ወር እቤታችን መጥቶ፣ በመኪናው መንገድ ዳር የቆርቆሮ ቤት ሥራልኝ ብሎ አባባን ለመነው። አባባ እንደምታውቀው ዋጋ ለመጥራት አይቸኩልም። መጀመሪያ ቦታውን ሄዶ አየ፤ አፈሩን በዘንጉ ወጋ ወጋ አድርጎ፣ ጥቁር መረሬ አፈር ነውና መሠረቱ እስከ ጉልበት ካልወረደ ክረምት ሲገባ ግድግዳው ይሰነጠቃል አለ። ከዚያ ደጃፋችን ላይ ተቀምጦ በጭራሮ ትንሽ ቤት መሬት ላይ ዘረጋ። ይኼ ለቋሚው፣ ይኼ ለማገሩ፣ ይኼ ለወራጁ እያለ ሲሰብርና ሲደረድር ዋለ። እኔ ዶሮዎቹ እንዳይበትኑበት ሳባርር ነበር። ሲመሽ ዋጋው በልቡ ተቆርጦ ነበር።

በማግስቱ በሁለት ሰዎች ፊት ተዋዋሉ። እንጨቱና ቆርቆሮው የካሴ፣ ድንጋዩና ጭቃው ጉልበቱም የአባባ፤ ርዝመቱ አሥራ አምስት ክንድ፣ ወርዱ አሥር፤ ሥራው በቁርጥ ዋጋ፣ ከሰኔ በፊት የሚያልቅ። ሁለቱም እሺ ብለው እጅ ተመታቱ።

ካስማ በተተከለ ቀን ግን ከሦስታችን በቀር ሰው አልነበረም። አባባ ገመዱን በክንዱ እየለካ ሲቋጥር አንዱን ጫፍ የያዝሁለት እኔ ነኝ። ካሴ አጠገባችን ቆሞ ነበር። አባባ ቀና ብሎ፣ ክንዴ አጭር ናት፤ በማን ክንድ እንለካው ብሎ ጠየቀው። ካሴ ሳቀና «በራስህ ክንድ ለካው እንጂ፤ የምትሠራው አንተ አይደለህ?» አለው። ይህን በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ወደ እኔም ዞሮ፣ አንቺ ዝምተኛ፣ ገመዱን አጥብቂው አለኝ። የማዕዘኑን ካስማ በጫማው ረግጦ ያስገባው ራሱ ካሴ ነው።

አባባ መሠረቱን አወጣ፣ ግድግዳውን አቆመ፣ አንድ ዙር ጭቃ መረገው። የቀረው ቆርቆሮውን መምታት ብቻ ነበር። በዚህ መሐል ሸዋነሽ የምትባለው ጠጅ ሻጭ ከመንገዱ ማዶ ሰፋ ያለ ቤት አሠራች። ጠጪዎቹም ካሴን ባዩት ቁጥር፣ ይኼ ያንተ ሱቅ ነው ወይስ የሸዋነሽ ማድቤት እያሉ ይሣለቁበት ጀመር። ሰውየው ተቃጠለ። በሸዋነሽ መናደዱን ትቶ በአባባ ተነሣ።

አንድ ቀን ጭነት የሚጭንለትን በላቸውን ይዞ መጣ። በላቸው ሳያጎነብስ ጉልበቱን የሚያክ ሰው ነው። ካሴ በሱ ክንድ ግድግዳውን አስለካና ርዝመቱ ሁለት ክንድ ጎደለ ብሎ መንገደኛው ሁሉ እስኪቆም ድረስ ጮኸ። አፍርሰህ ጨምር፤ ዋጋው ግን ያው ነው አለ። ወንድም ጋሼ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላንተ አይነገርም። የቆመ ግድግዳ ፈርሶ፣ መሠረት እንደ ገና ተቆፍሮ፣ ድንጋይ ከኮረብታው ተለቅሞ እስኪያልቅ ዝናቡ ይገባል። የኛ መሬት ሳይታረስ ማሳው ጦም ያድራል። የሚመጣውን ዓመት ምን እንበላለን?

እሑድ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሰብሳቢው መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ነበሩ፤ ለእኔም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። የውሉ ሁለት ምስክሮች ተጠየቁና፣ ክንድ ሲባል ሰማን፤ የማን ክንድ አልተባለም አሉ። እነሱ እውነታቸውን ነው። ከዚያ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ክንድ ለክንድ ሲተያዩ ሳቅ ሆነ። አንዱ የኔ ክንድ ለጎተራ ትሆናለች፣ ሌላው የኔ ለዶሮ ቤት አለ። እነሱ ይስቃሉ፤ አባባ መሐላቸው እንደ ሌባ ቆሟል። ደሜ ፈላ።

ካሴ ይባስ ብሎ «ክንድ ማለት የሙሉ ወንድ ክንድ ነው። የመንግሥቴ የድርጭት ክንፍ ናት» አለ።

አባባ ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም። «በዚች ክንድ ነው የአባትህን መቃብር ቤት የሠራሁ። ያኔ ጠበበኝ ብሎ የተነሣ የለም» አለው።

ሽማግሌዎቹ አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። ቀጥሎ አባባ የካስማውን ቀን ነገር ተናገረ። ካሴ በራስህ ክንድ አላልሁም ብሎ ካደ፤ በሚካኤልም ማለ። የታቦቱ ስም ከአፉ ሲወጣ ምላሱ እንኳ አልተያዘም። መሪጌታ ምስክር እንዳለው አባባን ጠየቁት። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ ነበር። አባባ አየኝ፤ ወዲያው ዓይኑን ወደ መሬት አደረገና የለኝም አለ።

እንግዲያው ሁለታችሁም እንዳትጎዱ ልዩነቱን ለሁለት እንክፈለው፤ አንድ ክንድ ይጨመርለት፤ እስከ ሚካኤል አስቡበት ብለው መሪጌታ ተነሡ። ሰውም እሰይ፣ ሸጋ ፍርድ አለ። እኔ ግን እስካሁን እየተቃጠልሁ ነው። ለአንድ ክንድም ቢሆን ግድግዳው ይፈርሳል። የዋሸው ግማሽ ያገኛል፣ እውነት የያዘው ግማሽ ያጣል፤ ይህን ነው እርቅ የሚሉት። ነገ ሌላው ተነሥቶ አራት ክንድ ጎደለ ቢልስ፣ ሁለት ይጨመርለት ሊሉ ነው?

ስንመለስ በመንገድ ላይ ለምን አልጠራኸኝም አልሁት። «ያልተዳረች ልጄን ከነጋዴ ጋር አደባባይ አላሟግትም። ቤት ቢፈርስ ይሠራል፤ ስም ግን ጭቃ አይደለም» አለኝ። ከሱ ጋር ልሟገት አልቻልሁም፤ እንባዬ ቀደመኝ። እማማ ግን ማታ ላሚቱን ስታልብ፣ አባትሽ ባንቺ አፍሮ አይደለም፤ ለአንቺ ሰግቶ ነው፤ እኔ ብሆን ማሳው ጦም ከሚያድር የልጄ አፍ ቢከፈት እመርጥ ነበር አለችኝ።

አንተ አምና በላክኸው ደብዳቤ፣ እዚያ የሚለካበት ሜትር የማንንም ክንድ አይጠይቅም ብለህ ነበር። ይህን ለአባባ ባስታውሰው፣ ሜትር ቢኖር ኖሮ ካሴ ሜትሩ ተኮማተረ ይል ነበር አለኝ። እውነቱን ነው። የጎደለው መለኪያ አይደለም።

አንተ ታውቀኛለህ፤ ጎረቤት እሳት ጫሪ ስባል እንኳ ደጃፍ ቆሜ ሰው እስኪያየኝ እጠብቃለሁ። ዛሬ ጥጃውን ሳጠባ የካሴን ቃል ለብቻዬ ስለው ዋልሁ። ለጥጃ ስናገርም ድምፄ ይንቀጠቀጣል። አንተ ብትኖር አንተ ትቆም ነበር እያልሁ ጥቂት ተቀየምሁህ፤ ይቅር በለኝ። ምክርህን እንዳልጠብቅ ደብዳቤው ካንተ ዘንድ ሳይደርስ ነገሩ ያልቃል።

እማማ ትከሻህን ቅቤ አስቀባ፣ ከባድ አትሸከም ብላሃለች። አባባ ብጠይቀው ሰላም በይልኝ እንደሚለኝ አውቃለሁና ሰላም ብሎሃል። ትንሿ እኅታችን ንግሥቲ ሕፃኑ ስንት ጥርስ አበቀለ ትላለች። ደብረወርቅን በጉንጯ፣ ሕፃኑን በግንባሩ ሳምልኝ ያለችህ እማማ ናት፤ እኔም እንደሷ።

ነገ ሚካኤል ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ከሴቶቹ መሐል ወጥቼ መሪጌታ ፊት እቆማለሁ። አባባ ተመለሽ ቢለኝም አልመለስም፤ ቢቆጣ እቤት ይቆጣኝ። ካሴ ያለውን ቃል፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ እሱው ባለበት እናገራለሁ። ድምፄ አልሰማ ቢላቸው ድገሚው ይሉኛል። እደግመዋለሁ።

እኅትህ ይርገዱ መንግሥቴ
ፎገራ፣ ወረታ