ለወይን ትምህርት የመጡት ሽማግሌ

ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ይህን የሰኔ ብርድ እንዴት ቻለው? ዓይንዎስ? ወንድሜን ፍሬ ስብሐትን በስልክ ሳገኘው «የግራው ጨርሶ ጨልሟል፤ የቀኙም የሚለየው ጥላ ብቻ ነው» አለኝ። ያን ከሰማሁ ወዲህ ደኅና እንቅልፍ አልተኛሁም። እኔ፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ጤና ነኝ። ድካም ብቻ ነው ያለብኝ። ድካም ደግሞ በሽታ አይባልም።

ስደውል ድምፄን ሲሰሙ ስለሚዘጉብኝ ነው በወረቀት የመጣሁብዎ። ወንድሜ አጠገብዎ ተቀምጦ ያነብልዎታል። እሱንም «በቃ» ካሉት ማቆሙ አይቀርም፤ ግን እባክዎ እስከ መጨረሻው ይስሙኝ።

ሆቴሉ እንደ ድሮው አይደለም። ገዳማቱንና ጢስ ዓባይን ለማየት ይመጣ የነበረው እንግዳ፣ መንገዱ አላስተማምን ካለ ወዲህ ቀርቷል። ሐይቁ ዳር ያሉት ወንበሮች ባዶአቸውን ውለው ባዶአቸውን ያድራሉ፤ ጀልባዎቹም እንደታሰሩ ናቸው። ከሠራተኛው ብዙው ተሰናብቷል፤ የቀረነው የሌላውንም ሥራ ደርበን ይዘናል። ማለዳ ቁርስ አቀርባለሁ፣ ከዚያ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ማታ ደግሞ መጠጥ ቤቱ የእኔ ነው። ሹም አቦ ወደ ተከራየሁት ክፍል ስመለስ እግሬ የራሴ አይመስለኝም።

ትምህርቱን የጀመርሁት እንዲህ ሆኖ ነው። በደጉ ጊዜ ሆቴሉ አዲስ አበባ ልኮ ስለ ወይን ጠጅ እንዳስተማረኝ ያውቃሉ፤ የቱ ከምን ምግብ ጋራ እንደሚሄድ፣ ደኅናው ከተበላሸው በጠረኑ እንዴት እንደሚለይ። እንግዳው ሲጠፋ ያ ሁሉ እውቀት ሥራ ፈቶ ተቀመጠ። አከራዬ እናትዓለም ናት «ታዲያ ለምን አታስተምሪውም? ግቢው እንደሆነ አለልሽ» ያለችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ከማንጎው ዛፍ ሥር ወንበር ደርድረን ጀመርነ። የሚመጡት በአስተናጋጅነት ሊቀጠሩ የሚፈልጉ ልጆች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ለሠርጋቸው የሚመርጡ እጮኛሞች ናቸው። በጾም እንዘጋለን። መደጎሚያ ከመሆን አያልፍም፤ ግን ከሳምንቱ ሁሉ ሰው «እሺ ቶሎ በይ» ሳይለኝ የሚሰማኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እርስዎ ዘንድ የደረሰው ወሬ ግን ሌላ ነው። «የቄሱ ልጅ ስካር ታስተምራለች» ተባለልዎ። ማን እንዳለው አልጠይቅም። ለእናቴ ሙት ዓመት አንበሳሜ ስመጣ፣ ለሁሉም መስቀል እያሳለሙ መጥተው እኔ ዘንድ ሲደርሱ ፊትዎን አዞሩ። ሰው ሁሉ አየ። ተቆጥተው ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። «እውነት ነው ወይ?» ብለው እንኳ አልጠየቁኝም። ይህን የምልዎ ልወቅስዎ ብዬ አይደለም፤ ይዤው መኖሩ ስላደከመኝ ነው።

አሁን ወደ ጻፍሁበት ነገር ልግባ።

በግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ትምህርት እንደጀመርነ አንድ ሽማግሌ በባጃጅ መጡ። ባለ ባጃጁ እጃቸውን ይዞ እስከ ግቢው በር አደረሳቸው። ጋቢ ለብሰዋል፤ ባርኔጣ እስከ ቅንድባቸው ደፍተዋል። «የወይን ትምህርት ይሰጣል ሲሉ ሰምቼ ነው» አሏት እናትዓለምን። እሷ አታውቃቸውም፤ ግራ ገብቷት ከኋላ ወንበር ሰጠቻቸው። እኔ ጠርሙስ እየከፈትሁ ነበር። ድምፃቸውን ስሰማ ቡሹ እጄ ላይ ቀረ። ተማሪዎቹ ሲያፈጡብኝ ግን እንደምንም ቀጠልሁ።

«አትቅመሱ፤ መጀመሪያ አሽትቱ» አልሁ። አንዷ «እንጆሪ እንጆሪ ይላል» አለች፤ ሌላው «የረጠበ እንጨት» አለ። ከዚያ ቀምሰው፣ አፋቸው ውስጥ አዙረው፣ በየፊታቸው ባለው ጣሳ ተፉት። ሽማግሌው ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡ ነበር።

«ምንድን ነው የምትተፉት?» አሉ።

ቴዎ የሚባል ቀልደኛ ተማሪ አለኝ። «ወይኑን ነዋ ፋዘር! እኛንም ያቃጠለን ይኸው ነው፤ አንድ ጉንጭ እንኳ አታስውጠንም» አላቸው። ሁሉም ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። «ለምን?» ብለው ፊታቸውን ወደ እኔ ድምፅ መለሱ።

«ስካር እንዳይሆን ነው አባቴ» አልኋቸው፤ ለማንም ሽማግሌ እንደሚባለው። «የሰከረ ሰው አይለይም። እዚህ የምንማረው መለየትን ነው።»

ባርኔጣቸውን ወደ ታች ሳብ አደረጉ። «ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«አዲስ አበባ» ልል ነበር፤ አፌ ግን ሌላ ተናገረ። «መጀመሪያ ያስተማሩኝ ወላጅ አባቴ ናቸው» አልሁ። «ቄስ ናቸው። ለቅዳሴ የሚሆነውን ዘቢብ ቤት አምጥተው ሲለቅሙ አጠገባቸው ያስቀምጡኝ ነበር። ዓይኔን በእጃቸው ሸፍነው፣ ‹ይህ ደኅና ነው? ይህስ ሻግቷል?› እያሉ ያስሸትቱኛል። የተበላሸውን ስለይላቸው ደስታቸው ልክ አልነበረውም።»

ይህን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም።

«አባትሽ ይህን ሥራሽን ያውቃሉ?» አሉኝ።

«ሰምተዋል። አይወዱትም።»

«የሰሙት ሌላ ይሆናል» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

እስኪያልቅ ተቀመጡ። ብርጭቆውን አንዴ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ ሳይቀምሱ መለሱት። ሲነሡ እኔው ደግፌ ሸኘኋቸው። ባጃጁ መጥቶ ቆሞ እንኳ እጄን አለቀቁኝም። ልናገር ከጀልሁ፤ ብናገር ግን በስንት መከራ የመጡበትን መንገድ የማፈርስባቸው መሰለኝ። ራሱ የመጣ ሰው፣ ሲሻው ራሱ ይናገር ብዬ ተውሁት። ክንዴን ዳሰስ አድርገው «ከስተሻል» አሉኝ። ከዚያ ባጃጁ ውስጥ ገቡ። ባጃጁ ከታጠፈ በኋላ እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። እናትዓለም ምን ሆንሽ ብትለኝ «ደክሞኝ ነው» አልኋት፤ እሱም ውሸት አልነበረም።

በሌላ ቀን ፍሬ ስብሐትን ሳገኘው፣ እርስዎ በዚያ ቅዳሜ እዚሁ እኛ አጠገብ፣ ሰባታሚት፣ ለቅሶ ሊደርሱ ብቻዎን እንደሄዱ ነገረኝ። ማን እንደሞተ እሱም አላወቀም። ነፍስ ይማር፤ እኔም ሳልደርስ ቀረሁ።

ዓይንዎን በተመለከተ እዚህ ካለ ሐኪም ጋራ ተነጋግሬያለሁ። ሞራው የሚነሣ ነው፤ እንዳይዘገይ ብቻ አለኝ። ክፍሌ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ አልጋው ለእርስዎ፣ እኔ መሬት ላይ እተኛለሁ። ይምጡልኝ። ቅዳሜ ትምህርት አይኖርም ካሉኝ አይኖርም፤ ይኑር ካሉኝም ይኖራል።

እኒያን ሽማግሌ ደግሞ በአንበሳሜ ገበያ ድንገት ቢያገኟቸው፣ «ልጅቱ አልተቀየመችም፤ መምጣትዎ ብቻ በቅቷታል» ይበሉልኝ።

እመ ብርሃን ዓይንዎን ታብራልዎ፤ ጉልበትዎን ለቅዳሴው ታጽናልዎ፤ እኔንም ለእግርዎ ውኃ ለማቅረብ ታብቃኝ።

ፍሬ ስብሐት ይህን አንብቦ ሲጨርስ «ሽማግሌው ማን ናቸው?» ብሎ ቢጠይቅዎ፣ እንደ ፈቀድዎ ይመልሱለት።

በረከትዎን የምትናፍቅ፣
ልጅዎ