በመጋዘን ስለምታድገው ኮምፒውተር

ለተከበሩ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ፍትሐዊ ድልድል አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የሞላሌ ብርድ የቢሮዎን መስኮት አልፎ እንዳይደፍርዎት፣ ማሞቂያዎም ሳይቋረጥ እንዲሠራልዎት ልባዊ ምኞቴን አቀርባለሁ። እኛም እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን።

ጽናት እባላለሁ፤ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ መኳንንት ጣራ ሲጠግን ወድቆ አከርካሪው ከተጎዳ ወዲህ ከአንገቱ በታች ያለው አካሉ አይታዘዝለትም፤ እኔ ላስተምር ስወጣም ብቻውን ይውላል። ወንድሜ ይሥሐቅ ግን መብራቱን፣ ማሞቂያውንና የበሩን ቁልፍ በድምፅ የሚያዝ ሥርዓት ገጥሞልን ነበር፤ ይህን ሁሉ የምታስተባብረው የመዳፍ ስፋት ያላት ኮምፒውተር ነበረች። እርስዎም እንደሚያውቁት በእኛ አገር እንግዳ ደጅ ቆሞ «ቤቶች» ሲል ዝም ማለት ነውር ነው። መኳንንት ከአልጋው ሆኖ «ግቡ» ይል ነበር፣ በሩም ይከፈት ነበር። ለእሱ ይህ ከመብራቱም ከማሞቂያውም ይበልጥበት ነበር፤ በገዛ ቤቱ አባወራ የሆነው በዚያ ነውና።

አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በዝቶ ኮምፒውተሯን አቃጠላት። ዕቃው ከገበያ በመጥፋቱና የተገኘውም በእርስዎ ጽሕፈት ቤት በኩል ብቻ በመታደሉ፣ ማመልከቻ አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ስለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ. የመምረጥ መብቴን ስላከበሩልኝ አመሰግናለሁ። ከሦስት ዓይነት ዕቃ አንዱን እንድመርጥ ተፈቀደልኝ። የመጀመሪያዋ ኤሌክትሪክ የምታገኝበት ገመድ የላትም፣ ገመዱ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ለብቻው ይመጣል ተባልኩ። ሁለተኛዋ በዓለም ገበያ እጥረት ምክንያት የማስታወሻ ቋት አልተገጠመላትም፣ የተነገራትን አንዱንም አትይዝም፤ ይህን ስሰማ ከጽሕፈት ቤትዎ ጋር መልካም ስምምነት እንደሚኖራት ገመትኩ። ሦስተኛዋ የተሟላች ስለነበረች እሷን መረጥኩ። እሷ ግን ለናሙና በመስታወት ውስጥ የተቀመጠች መሆኗንና በዝርዝሩ የገባችውም ምርጫው ሦስት እንዲሆን ብቻ መሆኑን ሠራተኛዎ በትሕትና አስረዱኝ።

፪ኛ. ስለ ምክርዎም ባለዕዳ ነኝ። ተራችን እስኪደርስ በአሮጌ ላፕቶፕ እንድንጠቀም መክረውናል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የራሴን አሮጌ ላፕቶፕ ሥርዓቱ ላይ አስገጠምኩ። መብራት እስካለ ድረስ ይሠራል። ባትሪው የሞተ በመሆኑ ግን መብራት በሄደ ቁጥር አብሮ ይጠፋል፣ መብራቱ ሲመለስም አንድ ሰው መጥቶ አዝራሩን እስኪጫንለት ይጠብቃል። ባለቤቴ አዝራር የሚጫን እጅ ቢኖረው ኖሮ፣ ክቡር ሆይ፣ በሩንም በእጁ በከፈተ ነበር።

፫ኛ. በሕዝብ ስብሰባው ላይ ስላደረጉት ንግግር። ኮምፒውተሮቹ ያሉበት መጋዘን ተዘግቶ መቆየቱ ከአባቶቻችን የጓሳ ሣር ደንብ የተወሰደ ጥበብ ነው ሲሉ ብዙዎቻችን አጨብጭበናል፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ጓሳ ሲዘጋ ሣሩ ያድጋል፣ ቀኑ ደርሶ ሲከፈት ደግሞ አገሬው ማጭዱን ይዞ አብሮ ይወጣል። በካርቶን ያለች ኮምፒውተር ስንት ክረምት ሲዘንብላት እንደምታፈራ ግን በዕለቱ ሳልጠይቅዎት ቀርቻለሁ። እስከዚያው ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እያልን እንጠብቃለን።

፬ኛ. የአመልካችነታችንን እውነትነት እንዲያጣሩ አቶ አባይነህን እስከ ቤታችን ድረስ ስለላኩ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ደጅ ቆመው እንደ ወጉ «ቤቶች» ብለዋል። መኳንንትም «ይግቡ» ብሏል። በዚያ ጠዋት መብራት ሄዶ ስለነበር ላፕቶፑ ጠፍቷል፣ ቁልፉም አልተከፈተም። ትርፍ ቁልፍ ያላቸው ጎረቤታችን እማማ ወለተ ኢየሱስ ገበያ ወርደዋል። ባለቤቴ መነሣት እንደማይችል፣ የሚጠባበቀውም ይህንኑ በር የሚከፍትለትን ዕቃ መሆኑን በበሩ በኩል እየጮኸ አስረዳ። አቶ አባይነህም ሰምተው ሄዱ። የደረሰን ውሳኔ፣ ድምፅ መሰማቱን፣ ነዋሪው ግን ደጁን ለአጣሪ ለመክፈት ፈቃደኛ ባለመሆኑ ከተራ መሰረዛችንን ይገልጻል። ቅሬታ ካለ ባለጉዳዩ በአካል ቀርቦ ማስረዳት እንደሚችልም ያክላል።

አቶ አባይነህ በመጡበት ቀን ከሥራ ስገባ የመኳንንት ድምፅ ከጩኸቱ የተነሣ ተዘግቶ ነበር። ተቆጥቼ ብጽፍልዎ ለክብርዎም የሚመጥን ነበር፤ ቁጣው ግን አልመጣልኝም። ውሳኔው ሲደርሰን ሁለቴ አነበብኩት፣ ራት ሠራሁ፣ አጎረስኩት፣ የተማሪዎች ፈተና አረምኩ። ውስጤ ደንዝዟል። እሱም ከዚያ ወዲህ ስለ ኮምፒውተሯ አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም።

ለመጋዘንዎ ቁልፍ ጥንካሬን፣ ለወንበርዎ ምቾትን፣ ለእርስዎም ደጅዎን በእጅዎ የሚከፍቱበት ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ጽናት
ከሞላሌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤቴ ማንም ደጅ ቆሞ እንዳይመለስ በሩ ሳይቆለፍ እንዲውል ለመነኝ፤ እኔም ብርድ ልብስ ደራርቤለት በሩን ሳልቆልፍ መውጣት ጀመርኩ። ትናንት ሌባ መጥቶ ቴሌቪዥናችንን ወስዷል። መኳንንት እንደነገረኝ፣ ሰውየው ደጅ ላይ ሲያመነታ ሰምቶ «ግቡ» ብሎታል፣ እሱም ገብቷል፤ ሊወጣ ሲልም ቴሌቪዥኑን መሬት አስቀምጦ፣ ከባለቤቴ ላይ የተንሸራተተውን ብርድ ልብስ እስከ አንገቱ አልብሶት፣ በሩንም ብርድ እንዳይገባ ገጥሞለት ሄዷል። አድራሻውን ስለማላውቅ ለእሱ የሚገባውን ምስጋና ለእርስዎ ጽፌያለሁ።