የቀዘቀዘው ሻይ ጥፋተኛ

ሪሐናዬ፣

ካዛንቺስ አንድ ሆቴል አዳራሽ ተዘግቶብን "ሥርዓታዊ አስተሳሰብ" የሚሉትን የአመራር ሥልጠና እየተጋትን ነው። ዛሬ አሠልጣኙ ክብና ቀስት እየሣለ፣ "ችግር ሲፈጠር ሰው አትውቀሱ፣ አሠራሩን መርምሩ" እያለ ሲደሰኩር የሻይ ሰዓት አለፈ። ሲለቀን ሻዩ በረዶ ሆኗል። ታዲያ ያው ሰውዬ አስተናጋጇ ላይ፣ "ምን ዓይነቷ ዝርክርክ ነሽ?" ብሎ አምባረቀ! አለቃዋም እየሮጠ መጥቶ እዚያው አባረራት። እኛ ደሴ ቢሯችን መብራት ሲጠፋ ዘበኛውን የምንቆጣው ቢያንስ ያለ ክብና ቀስት ነው። ሥራ አስኪያጃችን ታዲዎስ ደግሞ፣ "ትክክል!" እያለ ያጨበጭባል። ሲመለስ እናንተን ሊያሠለጥን ነው፣ እወቂው።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ። ሻይ የምታፈላልንን ሀዲያንም ሰላም በያት፤ የሥልጠናው ቀን ሻዩን በፔርሙስ ትያዝ።

ጀማነሽ