ውሃ ላይ ያየሁት ስም

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፦

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ትወጫለሽ ወይ? እኔ አምላክ ይመስገን ጤና ነኝ። አንድ የምነግርሽ ነገር ግን አለኝ። በስልክ የሚነገር ስላልሆነ፣ ጎረቤቴ ፈነት ነገ ስትበር ይህን ደብዳቤ ይዛልሽ ትመጣለች።

ባለፈው እሑድ ልጅሽ ኤርሚ «አለቃዬ የጃፓኖች በዓል ጋብዛኛለች፣ ብቻዬን ይደብረኛል» ብሎ ይዞኝ ሄደ። እዚህ ሴንት ፖል ከተማ ትልቁ ፓርክ ውስጥ ነው። ከበሮው ደረት ውስጥ ይገባል። አሮጊቶች ሳይቀሩ አበባ የታተመበት ረጅም ልብስ ለብሰው፣ ክብ ሠርተው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ ይጨፍራሉ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። ፍልሰታ ነውና የጾም ነገር አጥቼ ውሃ ብቻ ጠጣሁ፤ ልጅሽ ግን በእንጨት የተሰካ የዶሮ ጥብስ ሦስቴ ተሰልፎ በላ።

ሊመሽ ሲል ሕዝቡ ወደ ኩሬው ሄደ። በዚህ ሰሞን የሞቱ ዘመዶቻቸው ቤት ይመጣሉ ብለው ያምናሉ፤ ሲመለሱ ደግሞ ስማቸውን ወረቀት ፋኖስ ላይ ጽፈው፣ አብርተው፣ በውሃ ይሸኟቸዋል። የኤርሚ አለቃ፣ ፀጉሯ የነጣ ቀጭን ሴትዮ፣ በሁለት እጇ ፋኖስ ይዛ መጣች። ጎንበስ ብላ ለኤርሚ ሰጠችው። በእንግሊዝኛ ፊደል «አሰፋሽ» ይላል።

መጀመሪያ የሞክሼሽ መሰለኝ። ሴትዮዋ፣ እናታችሁን አብረን እንሸኛት ብዬ ነው የጻፍኩት አለችኝ። ኤርሚን አየሁት። ዓይኑን አሸሸ፤ ከንፈሩ ላይ የዶሮው ቅባት ያብረቀርቃል። ፋኖሱን ተቀብሎ ውሃው ላይ አስቀመጠሽ።

ነገሩን የሰማሁት በኋላ መኪና ውስጥ ነው። በግንቦት ዓይንሽን ኦፕራሲዮን ስትሆኚ፣ መጥተህ አስታምመኝ ስትይው፣ እረፍት ከለከሉኝ ያለሽ ትዝ ይልሻል? ሰጥተውታል። እናቴ ሞተች ብሎ ነው የወሰደው። ያን ሳምንት ከጓደኞቹ ጋር ፍሎሪዳ ነበር። ስጮህበት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይባላል እኮ! መኪናውን አስቁሜ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ የሚባለው መንገድ ላይ ወረድኩ፤ በባቡር ገባሁ።

የእሱ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩልሽ። እዚያ ኩሬው ዳር ሴትዮዋ ትከሻዬን ይዛ፣ ምን ዓይነት ሰው ነበረች ስትለኝ፣ ደግ ነበረች አልኳት። ነበረች አልኩ፣ እማዬ። መዋሸቱ ገብቶኝ፣ ኤርሚ ከሥራ እንዳይባረር ብዬ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሻት መቼ ነው አለችኝ። ሳልዋሽ የመለስኩላት ይህን ብቻ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት። እሷ አለቀሰችልኝ። እኔ ራሴን ተጸየፍኩት።

ኤርሚን አትርገሚብኝ። እውነቱን ራሱ እንዲነግራት እስከ ዓርብ ቀን ሰጥቼዋለሁ፤ ካልነገራት እኔ እነግራታለሁ።

ሰኞ ዕለት እኔም ከራሴ አለቃ የእረፍት ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ለመስቀል እመጣለሁ። ምክንያትሽ ምንድን ነው ስትለኝ፣ እናቴ በሕይወት አለች አልኳት። ፎርሙ ላይ እንዲህ የሚል ቦታ የለም ብላ ሳቀች፤ ፈረመችልኝ።

የፍልሰታዋ እመቤት ብርሃንሽን ትጠብቅልሽ፤ በሰላም ታቆይልኝ።

ጉልበትሽን እየሳምኩ፣
ልጅሽ