ጫት ሲመጣ የሚዘለለው ኪኒን

ጉሌድ፣

ወደ ዲኪል የሚሄደው አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ስለሆነ ስድቡን አሳጥሬልሃለሁ።

የደም ግፊት ኪኒንህን የስኳሩ ጣሳ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ያለ ስኳር ሻይ ስለማትጠጣ ታገኘዋለህ። ዋጠው። ነገም ዋጠው፣ ቢያምህም ባያምህም።

«በምቅምበት ቀን ኪኒኑ ምርቃናዬን ያበላሽብኛል» ትላለህ። የማትቅምበት ቀን የቱ ነው?

ትናንት ጤና ጣቢያ ነርሷ ግፊትህን ለክታህ፣ ደንግጣ ደግማ ስትለካህ፣ «እኔን እኮ ምንም አላመመኝም» ብለህ ሳቅክባት። እኔም አብሬህ ሳቅሁ።
እሱን ተወው።

አባትህንም ምንም አላመማቸውም ነበር። መቃሚያው ቤት ትራሳቸውን እንደተደገፉ ዝም ሲሉ፣ ሰው ሁሉ «መርቅነዋል፣ አትረብሿቸው» አለ። ግማሽ ፊታቸው መውደቁና ምላሳቸው መተሳሰሩ የታወቀው ጫቱ አልቆ ሰው ሲነሳ ነው።

ዛሬ አትቃም።

እንደማትሰማኝ ስለማውቅ ግን አብረውህ ለሚቅሙት ለነሮብሌ ነግሬያቸዋለሁ። ዝም ካልክ ይነቀንቁሃል፤ ስምህንም ይጠይቁሃል። በሰው ፊት አዋረዱኝ ብለህ ትቆጣ ይሆናል።

ተቆጣ። ብቻ ስትሰድባቸው ቃሉን አጥርተህ ስደባቸው፤ ካልጠራላቸው ተሸክመው ሐኪም ቤት ይወስዱሃል።

ዋይስ