ስሙን ያልጠራሁት ሰው

እህቴ ዳላሳ፣ ከሰላምታዬ በፊት በደሌን ስሚ፤ «ሽማግሌው ረስተዋል» ተብሎ በመዝገብ ተጻፈብኝ። ፊደልን ያለ አስተማሪ በቆጠርኩት በእኔ ላይ!

የትምህርት ቤቱን ተማሪዎች ቤተ መዛግብት ወስጄ የዛጎል አጥማጅ ጀልባችንን ፎቶግራፍ አሳየኋቸው። አንዷ የከተማ ልጅ፣ «አያቴ፣ መሪ የያዘው ይሄ ማነው?» አለችኝ። የሚስቴ ወንድም ነው፤ በደሴታችን ደግሞ የአማች ስም አይጠራም። ዝም ስል፣ «ወይኔ፣ አያቴ ስሙ ጠፋባቸው!» ብላ ሳቀች። መዝጋቢዋም ይህንኑ ጻፈች።

አንቺን ሕጉ አይከለክልሽም፤ የፎቶግራፉን ቅጂ ልኬልሻለሁና ስሙን ጻፊበት። የቀሩትን አራት ባሕርተኞች ስምም ጨምሪ፤ ለልጆቹ ሙሉ እንዲሆን ብዬ ነው። አባታችን የትኛው እንደሆነም ምልክት አድርጊበት።

እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ አንቺም በርቺ። ይህን ነገር ከእንግዲህ አላነሳውም፤ አንቺም እንዳታነሺብኝ።

ወንድምሽ ኪታይ