የእትዬ ተዋበች ቱቦ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

እትዬ ተዋበች ዛሬም አልተሻላትም። ቁጭ ብላ ነው ያደረችው፤ ከተጋደመች ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሴት ልጇ ሰላ ድንጋይ አራስ ናት፣ መምጣት አትችልም። እንግዲህ ያለሁት እኔ ጎረቤቷ ነኝ። እኔ ደግሞ አጥሚት ከማጠጣትና ጀርባዋን ከማሸት ሌላ ምን አውቃለሁ።

ሐኪሙ ያለው ይኼ ነው። የኩበት ጭስ አይንካት። የታፈነ ቤት ውስጥ አትተኛ። ብርድም እንዳይመታት። ሁሉንም ባንድ ላይ፣ በኅዳር፣ ደብረ ብርሃን ላይ። መስኮቱን ስከፍት ውርጩ ይገባል፣ ስዘጋው ትታፈናለች። ስከፍት ስዘጋ ዋልኩ።

አመሻሽ ላይ ወንድ ልጇ ግርማ ደረሰ። አዲስ አበባ ትልልቅ ሕንፃ ላይ የአየር ቱቦ ነው የሚገጥመው። ለእናቱም ሊገጥምላት ነው አሉ፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ የላሜራ ቱቦ ጭኖ መጣ። ጫጫ ላይ ሰዉ "ይኼ ሁሉ ጡሩምባ የማን ሠርግ ነው?" እያለ ሲስቅበት ነበር። የተሰጠው ፈቃድ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 19

ነገሩን አስረዳኝ። የገባኝን ልጻፍ። አንዱ ቱቦ የቤቱን የታፈነ አየር ያወጣል። ሌላው የውጪውን ንጹሕ አየር ያስገባል። ሁለቱ ኮርኒሱ ሥር በምትቀመጥ የላሜራ ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን ያልፋሉ፣ ግን አይቀላቀሉም። የሚወጣው ሙቀቱን ለሚገባው እየሰጠ ይሄዳል። የሚገፋቸው በመብራት የምትሠራ ትንሽ ማራገቢያ ናት።

እኔ አሁንም ፍጥጥ ብዬ አየዋለሁ። "እታለም፣" አለኝ፣ "የሌሊቱ ዘበኛ ሲወጣ ካፖርቱን አውልቆ ለሚገባው ዘበኛ አይሰጥም? እንደዚያ በይው።" ያን ጊዜ ገባኝ። እታለም የሚለኝ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው፤ አስካለ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

ጣሪያ ላይ ሲወጣ ጓድ ተሾመ ከቀበሌ መጣ። ቤቱ የቀበሌ ነው፣ ያለ ፈቃድ ቆርቆሮ አይበሳም። ለካ አንቴና መስሎታል። "የውጪ ሬዲዮ ልታዳምጡበት ነው?" አለ። ግርማ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ "ጆሮዎን አስጠግተው ይስሙት፣ ጓድ" አለው። እውነትም አስጠጋ። ውስጥ እትዬ ተዋበች እየሳለች ነበር። ጓድ ተሾመ ቀና አለና "ሊቀመንበሩ ከጠየቁ የጭስ ማውጫ ነው በሉ" ብሎ ሄደ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

መከራ ነው። ጣሪያው ተበስቷል፣ ግድግዳው ተበስቷል፣ ቱቦው አልገጠመም። ግርማ የለመደው ብሎኬት ነው፣ የኛ ግድግዳ ጭቃ። በመሮ ነካ ቢያደርገው ጭቃው ተናደና ለክንድ ያሰበው ቀዳዳ በግ የሚያሳልፍ ሆነ። ማጠፊያ የሚሉት፣ ቱቦው የሚዞርበት ክርን መሰል ነገር፣ አጠረ። ሌላ ከየት ይምጣ።

እትዬ ተዋበችን ደግፌ እኔ ቤት አስተኛኋት። የኔም ቤት ጭስ ነው። ሳሉ እዚያም ተከተላት።

"ያዢ" ሲለኝ መሰላል ያዝኩ፣ "ልቀቂ" ሲለኝ ለቀቅኩ። አንዴ ቱቦውን እንደታቀፈ መሬት ላይ ቁጭ አለ። "የሰዉን ሁሉ ቤት እገጥማለሁ" አለ፣ የቀረውን ሳይጨርሰው። የያዝኩትን መሰላል እንደያዝኩ ቆምኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 21

ገጠመ። ያጠረውን ማጠፊያ ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ ቀጠለው። ለግድግዳው ጭቃውን ከጭድ ጋር ያቦካሁት እኔ ነኝ፤ ይኼንንስ አውቃለሁ። ሙቀቱ እንዳይባክን ደግሞ ቱቦውን ከፋብሪካ በተጣለ የብርድ ልብስ ቁርጥራጭ እንደ አራስ ልጅ ጠቀለልነው። የበሩንና የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በስቱኮ ጠረቀመው፣ አየሩ በቱቦው ብቻ እንዲመላለስ።

ማራገቢያዋ እምም ማለት ጀመረች። አየሩ በሚገባበት አፍ ላይ ክር አሰርኩ፤ ክሩ ተወዛወዘ። እትዬ ተዋበች ከሰዓት በኋላ ተኛች። ተጋድማ። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት።

እማሆይ ወለተ ማርያም ከጽዮን ሲመለሱ ጎራ አሉ። ከአልጋው በላይ ያለውን የቱቦ አፍ አይተው ደነገጡ። "በበሽተኛ ራስ ላይ ንፋስ ከፈታችሁ?" አሉ። ግርማ "እማሆይ፣ የሚገባው ሞቆ ነው" ቢላቸው "ልጄ፣ ንፋስ ንፋስ ነው" አሉት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

ግርማ ሄደ። አውቶቡስ ድረስ ሸኘሁት። "ሁለት ነገር ነው፣ እታለም። ቱቦው አይደፈን። ከሰል አይግባ። ስንጥቁን ሁሉ ዘግቼዋለሁ፣ ቱቦው ከተደፈነ ቤቱ ሣጥን ነው። አደራ።" እሺ አልኩ። ምን ያስቸግራል ብዬ።

ስመለስ አቶ ሰይድ፣ የአሊዩ አምባው በርበሬ ነጋዴ፣ ሊጠይቃት ገብቶ ሲወጣ አገኘሁት። ገባሁ፤ ክሩ አይወዛወዝም። ቱቦው አፍ ላይ የጆንያ ቁራጭ ተጠቅጥቋል። እየሮጥኩ ደረስኩበት።

"እኔ የቆላ ሰው ነኝ፣ ብርድን ከሩቅ አውቀዋለሁ" አለኝ። "ወላሂ አዝኜላት ነው።" አንጀቱ የተላወሰ ሰው ምን ብለው ይቆጡታል። ጆንያውን እኔው አወጣሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 23

መሽቷል፣ አሁን ነው ቁጭ ያልኩት።

ከሰዓት በኋላ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ነበር። የቀረች ስሟ ይጠራል። ከመሄዴ በፊት ለመጣው ጠያቂ ሁሉ ተናገርኩ፣ ቱቦውን አትንኩ፣ ከሰል አታስገቡ። ሁሉም "እሺ እሺ፣ አንቺ ሂጂ" አለኝ። ስብሰባው ረዘመ። ወንበሩ ላይ ቁጢጥ ብዬ ልቤ እዚህ ነበር፤ ተነሥቼ እንዳልወጣ የማኅበሯ ሰብሳቢ ታየኛለች።

ስመለስ በሩ ገጥሞ ተዘግቷል። ስከፍተው እንደ ምድጃ አፍ ወበቀኝ። ከአልጋው ሥር የከሰል ማንደጃ፣ ፍሙ ግም ብሏል። ጠያቂ የለም፣ ሁሉም እንቅልፍ ወሰዳት ብለው በቀስታ ዘግተውላት ሄደዋል። ፊቷ ቀልቷል፣ አንገቷ ዘንበል ብሏል፣ ስጠራት አትሰማም።

በብብቷ ይዤ እየጎተትኩ ደጅ አወጣኋት። እዚያው ብርዱ ላይ። ብርድ እንዳይመታት ስንት የተባለላትን ሴት። ጉንጯን መታሁ፣ ውኃ ረጨሁ። ቆይታ ቆይታ አስመለሳት። ከዚያ ዐይኗን ገለጠችና "ራሴን" አለች።

ከቱቦው ያወጣሁት፦ አንድ አሮጌ ካልሲ። ድብልብል ያለ የበግ ሱፍ። የሕፃን ሹራብ። ከሁሉ ፊት ደግሞ የእማሆይ ቢጫ መቀነት። አንዱ በአንዱ ላይ። እያንዳንዱ ሰው ሌላው የደፈነውን በቂ አይደለም ብሎ የራሱን ጨምሮበታል። ጨርቁን አይቼ የማን እንደሆነ ሁሉንም አወቅኩ። የሚጠላት አንድም ሰው የለባቸውም።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ራሷን ያማታል፣ ግን ትናገራለች። ከሰሉን ማን እንዳስገባው አልጠየቅኩም። ብጠይቅ "አዝኜላት ነው" ይሉኛል፣ እውነታቸውንም ነው።

በሩን ቆልፌ ቁልፉን መቀነቴ ላይ ላስረው ነበር። ነገርኳት። "ተይ፣ አስካለ" አለችኝ። "ሰው ካልመጣብኝ ነው የምሞተው።" ቁልፉን ቦታው መለስኩት። ታዲያ ምን ላድርግ። ቢገቡ ይደፍኑታል፣ ባይገቡ ይቺ ትከፋለች። ግርማን ምን እለዋለሁ። አደራውን አንድ ቀን አላቆየሁለትም።

መቀነቱን አጥቤ ለእማሆይ ወሰድኩላቸው። ልናገር አፌን ሞልቶ ነበር፣ ሲያዩኝ ጠፋብኝ። የንስሐ እናቴ ያህል ናቸው። እንዲያው ሲደፈን ምን እንዳደረጋት ብቻ ነገርኳቸው። መቀነቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እያሻሹ ቀሩ። ደህና ዋዪ እንኳን አላሉኝም። ሳላስቀይማቸው አልቀረሁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

ጠዋት አቶ ሰይድ ብርቱካን ይዞ መጣ። እሑድ የሆነውን ሰምቷል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በሩ ላይ ቆሞ "እንሰርህ ካላችሁም እሰሩኝ" አለ። እትዬ ተዋበች ሳቀች፣ ሳቁ ሳል ሆነ። ጓድ ተሾመም በደጅ ሲያልፍ "አንቴናው ደህና ነው?" አለ።

ከሰዓት በኋላ እማሆይ መጡ። ልቤ ፈራ። "ሂጂ ውኃሽን ቅጂ፣ እኔ አለሁ" አሉኝ። ቦኖው የሚከፈተው በዚያ ሰዓት ነው፣ ቤት ውስጥ ጠብታ የለም። እሳቸውን አላምንዎትም ይባላል? ጀሪካኑን አንሥቼ ወጣሁ።

ሰልፉ ረዘመ። ስመለስ እማሆይን ደጃፉ ላይ አገኘኋቸው፣ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ። በቆባቸው ብቻ ናቸው። ሲመጡ የደረቡት ጋቢ የለም። ጀሪካኑን ለቀቅኩት። ደህና ይዋሉ ሳልላቸው በሩን ገፍቼ ገባሁ።

ክሩ ይወዛወዛል። አላመንኩትም፣ ወንበር ላይ ወጥቼ እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። ባዶ ነው። ለብ ያለ አየር በጣቶቼ መሀል አለፈ።

ጋቢው እትዬ ተዋበች ላይ ነው። ራሷን፣ አንገቷን፣ ትከሻዋን ጠቅልለውላት፣ አፍንጫዋና ዐይኗ ብቻ ይታያል።

"ምን አሉሽ?" አልኳት።

"እጃቸውን ከቱቦው አፍ ሥር ዘርግተው ብዙ ቆሙ። ከዚያ 'እሱስ ይተንፍስ፣ አንቺ ግን ተሸፈኚ' አሉኝ።"

ውኃው ደጅ ላይ ፈስሶ አልቋል። ጀሪካኑን አንሥቼ ተመልሼ ሄድኩ፣ ቦኖው ግን ተዘግቷል።